የተራበ ሰው ፈቃድና የጤና አስተዳደር ግዴታ

(መራዊ ላይ ለአስተዳደር፣ ለጤናና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በጤና አስተዳደር ውስጥ የሚነሡ የሕግና የሥነ ምግባር ጉዳዮች የሚል ነው። ርዕሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ከድርቅና ከሰፈራ ሥራችን ጋር በቀጥታ በሚገናኝ አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አተኩራለሁ። ጥያቄውም፣ የተራበ ሰው «እሺ» ሲል እሺታው እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላልን? የሚል ነው።

በቅድሚያ ሕጋችንን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ አልቀበልም ለማለት እንደሚችል ደንግጓል። ክትባትንና ይህን የመሳሰሉ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰዱ እርምጃዎችን በተመለከተ ግን ሌላ ሕግ ወይም ደንብ ሊያስገድድ እንደሚችል ይኸው አንቀጽ ያመለክታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚያስገድደው የወጣ ሕግ እንጂ የአንድ መጠለያ ኃላፊ ትእዛዝ አለመሆኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጽ በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ከእነዚህ አንቀጾች በአንዱም ላይ «በድርቅ ጊዜ አይሠራም» የሚል ሐረግ አይገኝም።

ሆኖም ሕጉ በመጽሐፍ ላይ መኖሩ ብቻውን ሰውን እንደማይጠብቅ የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ቦታዎች 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተወስደው እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከእነዚህም ውስጥ ከ80,000 የሚበልጡት በያኔው የጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ሰፍረዋል። እህል ለመቀበል ተጠርተው ለሰፈራ እንደተጫኑና ከቤተሰባቸው እንደተለያዩ የመሰከሩ ሰፋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ወባ ከማያውቀው ደጋ የወጣው ገበሬ፣ ወባ በበረታበት ቆላ ውስጥ ተገኘ። በኢጣሊያ እርዳታ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት በፓዌ ሆስፒታል ያቋቋመው ሰፋሪው ከደረሰ በኋላ ነበር። ሰው ቀድሞ ደረሰ፤ ሐኪም ተከተለ።

በዚያው በ1978 ዓ.ም. የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል የሰፈራውን አፈጻጸም በይፋ በመንቀፉ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሌሎች ድርጅቶች ሕሙማኑን ትተን አንሄድም በማለት ሥራቸውን ቀጠሉ። መናገርና ማከም እንዲህ ሲጋጩ ምርጫው ለጤና ሠራተኛው እጅግ ከባድ ነው። አስተዳደሩ ግን ሠራተኛውን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ከማስገደድ የመቆጠብ ግዴታ አለበት።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል ያገራችን ሰው። ችግር ያስመረጠው ምርጫ ምርጫ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቃል የለም። ከዚህም በመነሣት በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም 440,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ለማስፈር ሲታቀድ፣ ሰፈራው በፈቃድ እንዲሆን፣ በየክልሉ ውስጥ እንዲከናወንና የሰፋሪው የቀድሞ መሬት ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት በመርህ ደረጃ ተወስኖ ነበር። መመለሻ ያለው ሰው «እሺ» ሲል ቃሉ ክብደት አለው። ያም ሆኖ ከክልላችን ደጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ የወረደው ሰፋሪ ወባና ካላዛር ወዳለበት ምድር መሄዱን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ የሚፈቅደውን ነገር የማያውቅ ሰው ፈቅዷል ሊባል አይችልምና።

ጉዳዩ ለመራዊም ሩቅ አይደለም። 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ ግድብ ሲሠራ፣ ውኃው የሚተኛበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ከቦታቸው ተነሥተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣና በቂ እርዳታ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ካሣ ሲሰላ ግን ጤናም አብሮ መታሰብ አለበት። በትግራይ በትንንሽ ግድቦች አካባቢ ተደርጎ በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ከግድብ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ በሽታ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። እንግዲህ አጎበርና የጤና ኬላ ለተነሺው የሚደረጉ ችሮታዎች ሳይሆኑ የሚገቡት መብቶች ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ለሥራችን የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እህል የሚመዘገብበትና ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ይለያይ። ካልተመረመርኩ ራሽኔ ይቀርብኛል ብሎ የሚያምን ሰው በነፃነት አልፈቀደም።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ለምን እንደሆነ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአገውኛ ወይም በጉሙዝኛ፣ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ በእህል ዝርዝር ላይ የበሽታ ስም አይጻፍ፤ በሰልፍ ፊትም አይነበብ።

አራተኛ፣ የታመመ ሰው በመሸጋገሪያ ሲቀር አንድ ቤተሰቡ አብሮት ይቆይ።

አምስተኛ፣ በመድረሻው ቦታ መድኃኒትና ባለሙያ መኖሩ ሳይረጋገጥ ተሽከርካሪ አይነሣ።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለንም የሚል ይኖራል። ሺህ ሰው በተሰለፈበት ቦታ አንድ ጤና ረዳት ብቻ ሊኖር እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን ምርመራን የሚፈራ ሕዝብ ሕመምተኛውን በድንኳን ይደብቃል፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ተደብቆ በዋለ ቁጥር ወረርሽኙ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ ሕዝቡ ይወቀሳል፤ እንዲደብቅ ያስገደደው አሠራር ግን አይወቀስም። ፈቃድን መጠየቅ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ፣ ወረርሽኝን ለመግታት ከሚያስፈልገው ወር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

በ2013 ዓ.ም. ከዚያው ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያ በድንኳን ሥር ከርመዋል። መንገዱ ትናንት ወደዚያ አወረደ፤ በኋላም ከዚያ አመጣ። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ገጠር ነገ ማን በዚህ መንገድ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም። ማንም ቢያልፍ፣ ከመመዝገባችን በፊት ስሙን፣ ከመመርመራችን በፊት ፈቃዱን እንጠይቀው።