በየማለዳው አንድ ትንሽ ሥዕል
(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ አንድ ትንሽ ነገር እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ትንሽ ማለታችን ለትሕትና ያህል አይደለም፤ ነገሩ በእርግጥም ትንሽ ነው። ርዝመቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ተኩል፥ ወርዱም ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ ወረቀት ነው። አንድ ሉክ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ሲቀደድ ስምንት ይወጣዋል። እኛ አምስት ተማሪዎች ካለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ጀምሮ በዚህች ወረቀት ላይ በየማለዳው የጦሳን ተራራ ስንሥል ቆይተናል።

ሲጀመር ግን አሳባችን ትልቅ ነበር። ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ሠርተን ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ ልንሰጥ ቆርጠን ተነሣን። ሰፊ ወረቀት ገዛን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሠራለን ተባባልን። በአንደኛው ቅዳሜ ሁላችንም መጣን፤ በሁለተኛው ሦስት ሆንን፤ በሦስተኛው ዘነበ፤ በአራተኛው ወረቀቱን ወደ ቤት የወሰደው ልጅ ቀረ። ይህን የሰሙ አንድ መምህራችን ሳቁና «እናንተ ገና መቀመጥ ሳትለምዱ መሣል ትፈልጋላችሁ» አሉን። ወረቀቱንም ስምንት ቦታ የቀደዱት እርሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ዋጋውን እያሰብን በጣም አዘንን።

ቦታችን ፒያሳ ነው። ከእኛ የአንዱ አባት ልብስ የሚሰፉበት ሱቅ ባለበት ፎቅ፥ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ጦሳ ሙሉ በሙሉ ይታየዋል። ሰዓታችን ከማለዳው 12 ሰዓት ከ40 እስከ 1 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ሕጋችንም አራት ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እጅ ይነሣል። የትናንቱ ሥዕል ዛሬ አይነካም። ከወረቀቱ ጀርባ ቀኑ፥ ሰዓቱና የሰማዩ ሁኔታ ይጻፋል። አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግስቱ አንድ ብቻ ይሥላል እንጂ ሁለት አይሥልም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያወጣነው በችግር ነው። ከመካከላችን አንዱ ሦስት ቀን ታሞ ቀርቶ ነበርና በአራተኛው ቀን አራት ሥዕል አለብኝ ብሎ ተጨነቀ፥ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ዕዳው በዛብኝ ብሎ ጨርሶ ቀረ። ዕዳህ ተሰርዟል ብለን ከቤቱ ሄደን አመጣነው። ዛሬ ከሁላችን የበለጠ የሚሥለው እርሱ ነው።

ከደሴ ሰው ጦሳን የማያውቅ የለም። እኛም እናውቀዋለን ብለን ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሣልነውን ብታዩ ትስቁ ነበር፤ አምስታችንም የሣልነው የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሦስት ማዕዘን ተራራ ነው። ጦሳ ሦስት ማዕዘን አይደለም። ፀሐይ በስተምሥራቅ ከአዝዋ ገደል በኩል ስትወጣ ብርሃኗ መጀመሪያ የጦሳን ጫፍ ይነካና ቀስ እያለ ወደ ከተማው ይወርዳል። በጥር ወር በእኛ ሰዓት ጫፉ ብቻ ሲያበራ፥ በግንቦት ግን በዚያው ሰዓት ብርሃኑ ከቤቶቹ ክዳን ላይ ደርሶ እናገኘዋለን። ሰዓታችን ቢለዋወጥ ኖሮ ወሩ መለወጡን በተራራው ላይ ባላየንም ነበር።

ቀለሙም እንዲሁ አስተማረን። ከሱቅ የተገዛው አረንጓዴ እንዳለ ሲቀባ የባሕር ዛፍ አይመስልም፥ የፕላስቲክ ባልዲ ይመስላል። ጥቂት ቀይ ጨምረን ስናበርደው ግን እውነተኛውን ዛፍ መምሰል ጀመረ። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ ብር ያደላል። ሩቅ ያለው ሸንተረር የሚሳሳውና የሚሰማየው በእኛና በእርሱ መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ስለሚበትን ነው፤ ይህንን በፊዚክስ ተምረን ለፈተና ጽፈነው ነበር፥ ያየነው ግን ከደረጃው ላይ ነው። በውኃ ቀለም ሥራ ነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ ብርሃን ያለበትን ቦታ ሳይነኩ መተው ይገባል። ስስ ወረቀት ውኃ ሲነካው ይጨማደዳልና በካርቶን ላይ ለጥፎ መሥራት ይሻላል።

የደሴ ጉምስ? በጉም ቀን ጦሳ የለም። መጀመሪያ እንዲህ ባለው ቀን ወደ ቤት እንመለስ ነበር፤ በኋላ ግን ግራጫውን ራሱን ሣልነው። አሁን ሥዕሎቹን ስንደረድራቸው ከሁሉ የሚያምሩት እነዚያ ናቸው፥ ምናልባትም ልናሳምራቸው ያልሞከርን ስለሆነ ይሆናል።

እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሐምፕስቴድ በሚባል ከፍተኛ ቦታ ሆኖ ደመናን ብቻ በትንንሽ ወረቀት ይሥል ነበር፤ ከጀርባቸውም ቀኑን፥ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። ሦስተኛውን ሕጋችንን የወሰድነው ከእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የሞተው ፈረንሳዊው ፖል ሴዛን ደግሞ በትውልድ ከተማው አጠገብ ያለውን አንድ ተራራ በዘመኑ ደጋግሞ ሣለ። በአገራችን የቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳንን እንጂ ተራራን ለብቻው አይሥልም፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ገና ጀማሪዎች ነን። በ1950 ዓ.ም. አቶ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ያለው ዘመን አንድ የሰው ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ወላጆቻችን እንመለሳለን፥ ምክንያቱም እንደ ተቈጣችሁ እናውቃለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። «ልጆቹ በዚህ ዘመን ቀለም ይነክራሉ» ብላችሁ መናገራችሁም ደርሶናል። ሥዕል ማርክ ይጨምራል ብለን አንዋሽም፥ አልጨመረልንም። ነገር ግን ሃያ ደቂቃው የተወሰደው ከጥናታችን ሳይሆን ከእንቅልፋችን ነው።

ይህንን ሁሉ የተናገርነው ግን ስለሚከተለው ነገር ብለን ነው።

ከደረጃችን በታች፥ በእኛና በተራራው መካከል፥ ክዳኑ የዛገ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ነበረ። ባለፈው ክረምት ፈረሰ። በመስከረም ወር ትምህርት እንደ ተከፈተ አንዲት አሮጊት ደረጃውን በዝግታ ወጥተው መጡና ሥራችንን ቆመው ተመለከቱ። ማለዳ ማለዳ ከታች ሆነው ሲያዩን እንደ ኖሩ ነገሩን። ከዚያም «ልጆቼ፥ ቤቴን ሥላችኋል አይደል? አንዱን ብትሰጡኝ» አሉን።

እኛም በደስታ እሺ አልናቸውና ካርቶኑን አወረድን። በዚያን ጊዜ ሥዕሎቹ 743 ነበሩ። አምስታችን ተከፋፍለን መፈለግ ጀመርን። እማማ በልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንድ መቶ አገላበጥን፥ ቤቱ የለም። ሁለት መቶ አገላበጥን፥ ቤቱ የለም። በቤቱ ቦታ አንዳንዴ ቁጥቋጦ፥ አንዳንዴ ሣር፥ አንዳንዴም ባዶ ወረቀት አለ። ተመካክረን ያደረግነው አይደለም። ዝገቱ ተራራውን ያበላሽብናል ብለን እያንዳንዳችን በየልባችን ትተነው ኖሯል። ከ743ቱ ቤቱ የሚታይባቸው ሆነው የተገኙት 11 ብቻ ናቸው፥ ከእነዚያም ሰባቱ በጉም ቀን የተሣሉ ናቸው፤ ተራራው ስላልነበረ ሌላ የሚሣል ነገር አጥተን ነው።

ስለ መልክዓ ምድር ብዙ ስንናገር ቆይተን ቃሉን አላስተዋልነውም ነበር። የመልክእ ደራሲዎች ቅዱሱን ሲያወድሱ ከራስ ፀጉር ጀምረው እስከ እግር ጥፍር ይወርዳሉ፤ ይህ ብልት አያምርም ብለው የሚዘሉት የለም። እኛ ግን የአገራችንን መልክ እየመረጥን ጻፍን። ከእኛው ከወሎ፥ በወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በቅርብ ዓመታት ሥራዎቻቸው የሣሉት በከተማ ውስጥ ጥቂት ነገር ይዘው የሚነግዱትን ሴቶች ነው፤ ሰው ሁሉ በአጠገባቸው የሚያልፋቸውን። ሥራቸውን በፎቶግራፍ ያየነው እማማ ከመጡ በኋላ ነው፤ አስቀድመን አይተነው በሆነ እንላለን።

አሥራ አንዱን ሥዕል በእጃቸው ላይ አኖርንላቸው። ለምን እንዳነሱ ለመናገር አፍረን ዝም አልን፤ ነገር ግን የገባቸው ይመስለናል፥ «አብሽሩ ልጆቼ» ብለውናልና። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አንድ በአንድ አዩ። በሩ ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ እንደ ነበረ ነገሩን። በአንደኛው ላይ ከክዳኑ በላይ የተነሣውን ጭስ በጣታቸው ነክተው «እዚህ ላይ እሳት አንድጄ ነበር» አሉ። አራቱን መርጠው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ የቀረውን የድንጋይ መሠረት፥ የቆመውን ባጃጅ፥ የመብራት ምሰሶውንና ሽቦውን ሁሉ እንሥላለን። ሥዕሎቻችን እንደ ፊተኞቹ አያምሩም፤ በዛሬው ትርኢት ላይ በግራ በኩል የተሰቀሉት እነርሱ ናቸው።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ቀለሙ፥ ሁለቱ ብሩሾችና ነጩ ሰሃን በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ናቸው፤ ጋሼም ወንበሮቹን አልነፍግም ብለዋል። ከ11ኛ ክፍል ሦስት ተማሪዎች ስማቸውን ሰጥተውናል፥ የሁለት ሰው ቦታ ይቀራል። መምጣት የምትፈልጉ ከሰኞ ጀምሮ በ12 ሰዓት ከ40 ከደረጃው አናት ተገኙ፤ ውኃ በሃይላንድ ይዛችሁ ኑ፥ ፎቁ ላይ ቧንቧ የለም።