ሁለት ሆኖ መጓዝ፤ ከኮሎኝ እስከ ሎንዶን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሁለት የቀድሞ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመጣነው የጀርባ ቦርሳችንን ተሸክመን በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ስላደረግነው የ24 ቀን ጉዞ ልናወራችሁ ነው። ያየነውን ሕንፃ ሁሉ ብንዘረዝር ጊዜው አይበቃንም፤ ሥዕሉም በየመጽሐፉ ይገኛል። እኛ መናገር የምንወደው ከመጽሐፍ ስለማይገኘው ነገር፥ ይኸውም ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ሲሄዱ ወዳጅነታቸው እንዴት እንደሚፈተንና እንዴት እንደሚጸና ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ሸክሙ እንናገር። ከመነሣታችን በፊት ይዘን ልንሄድ ያሰብነውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረጋንና ግማሹን መልሰን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ለእያንዳንዳችን የቀረልን ሁለት ቅያሪ ልብስ፥ የዝናብ ልብስ፥ ፎጣ፥ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ጓጉንቸር ነበር። ለሁለት ሰው አንድ የሚበቃውን ነገር፥ መድኃኒቱንና የጥርስ ሳሙናውን፥ ሁለት አድርገን አልያዝንም። ቦርሳችን ከ9 ኪሎ አላለፈም። ደረጃ የሚወጣውም፥ ባቡር ለመያዝ የሚሮጠውም ባለቤቱ ራሱ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ኪሎ ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወረቀት ጉዳይ ነው። በ1985 ዓ.ም. በሸንገን በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከ1995 ጀምሮ በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች መካከል የድንበር ፍተሻ ቀርቷል። ስለዚህ ጀርመንን፥ ኔዘርላንድን፥ ቤልጂግንና ፈረንሳይን በአንድ ቪዛ አየን። እንግሊዝ አገር ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ ስላልሆነች ሌላ ቪዛ አስፈልጎናል። ለመጓዝ የሚያስብ ተማሪ ይህን ከብዙ ወራት በፊት ይጀምር።

ማደሪያችን የወጣቶች ማደሪያ ቤት ነበር። ይህን አሳብ ያመነጨው አንድ መምህር መሆኑን በዚህ በመምህራን ፊት መናገር ደስ ይለናል። ሪቻርድ ሺርማን የሚባለው ጀርመናዊ መምህር በ1909 ዓ.ም. ተማሪዎቹን በእግር ይዞ ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ። በዕረፍት ወራት ባዶ የሚሆነው የትምህርት ክፍል ለወጣት መንገደኞች ማደሪያ ቢሆንስ ብሎ ያሰበው ያን ሌሊት ነው። በ1932 የብዙ አገሮች ማኅበራት በአምስተርዳም ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። በእንዲህ ያለ ቤት ስድስትና ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ በአንድ ክፍል ያድራል፤ ንብረቱን በሣጥን አስገብቶ በራሱ ጓጉንቸር ይቈልፋል፤ ምግቡንም በጋራ ወጥ ቤት ያበስላል።

ጉዞአችንን የጀመርነው ከኮሎኝ ነው። ከባቡር ጣቢያው በር ሲወጡ ታላቁ ካቴድራል ወዲያው ፊት ለፊት ይቆማል። ሥራው በ1248 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ በመካከሉ ከ250 ዓመት በላይ ተቋርጦ፥ የተፈጸመው በ1880 ነው። ቁመቱም 157 ሜትር ነው። መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንድ እንኳ ፍጻሜውን አላየም። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት አገኘን። አንደኛችን 533ቱን ደረጃ ወጥቶ የራይንን ወንዝና ድልድዮቹን ሲመለከት፥ ሁለተኛችን ከታች ቀርቶ ያረጀው ድንጋይ በአዲስ የተተካበትን ቦታ ሲመረምር ዋለ። ማታ ዳቦና አይብ እየበላን ስንነጋገር አንድ ቀን ውለን የሁለት ቀን ያህል እንዳየን ተገነዘብን።

በአምስተርዳም ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። ከተማዪቱ በረግረግ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች የቀድሞ ቤቶቿ የቆሙት በምድር ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው፤ በዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻ በ13,659 ግንዶች ላይ እንዳረፈ ይነገራል። እኛም ያን ጊዜ የሁለታችን ወዳጅነት በምን ላይ እንደ ቆመ የምናውቅበት ሰዓት ደረሰ። አንደኛችን ሌሊቱን በመንገድ አሳልፎ እንኳ በማለዳ መነሣት ይወዳል፤ ሁለተኛችን በአንድ ሥዕል ፊት አንድ ሰዓት መቆም ይፈልጋል። አንደኛችን እያንዳንዷን ሳንቲም ይቈጥራል፤ ሁለተኛችን ትኩስ ምግብ ካልበላ አይሆንለትም። በሦስተኛው ቀን በአንድ ቦይ ዳር ቆመን፥ «ከዚህ ወዲያ ለየብቻችን እንሂድ» እስከ መባባል ደረስን። የትምህርት ቤት ወንበር ተጋርተን ያሳለፍነው ዘመን በዚያች ደቂቃ ሊፈርስ ነበር።

ለዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የአን ፍራንክን ቤት ለመጐብኘት አስቀድመን ትኬት ገዝተን ነበርና ሳንነጋገር ገባን። በናዚዎች ዘመን ስምንት አይሁዳውያን ከ1942 ጀምሮ በዚያ ቤት በስተኋላ በኩል ተሸሽገው ኖረዋል፤ በ1944 ዓ.ም. ተይዘው ተወሰዱ፤ ከስምንቱ በሕይወት የተረፈው የልጅቱ አባት ብቻ ነው። ጠባቡን ደረጃ ወርደን ከወጣን በኋላ ብዙ መንገድ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሕግ አወጣን።

የመጀመሪያው ሕግ፥ በየጧቱ እኩል ገንዘብ አዋጥተን በአንድ ቦርሳ እንድናኖርና የቀኑ ምግብና ትራንስፖርት ሁሉ ከእርሱ እንዲከፈል ነው። ሁለተኛው፥ ገንዘቡን የያዘ ሰው ካርታውን እንዳይዝና በማግሥቱ እንድንለዋወጥ ነው። ሦስተኛው፥ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ተለያይተን እያንዳንዳችን የወደድነውን አይተን፥ በተወሰነ ቦታና ሰዓት እንድንገናኝ፥ አስቀድሞ የደረሰውም እንዲጠብቅ ነው። አራተኛው፥ የቀን ቅሬታ ለነገ እንዳይተርፍ ነው። ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል የመገናኛውን ቦታ ስም በየደብተራችን እንጽፍ ነበር።

በብራስልስ ይህ ሕግ ሠራልን። በፈረንሳይ ጦር መድፍ በ1695 ዓ.ም. ወድሞ እንደገና የተሠራውን ታላቁን አደባባይ አንደኛችን በጧት፥ ሁለተኛችን ማታ መብራቱ ሲበራ አየነው፤ የተገናኘነውም በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሥር ነው።

በፓሪስ ደግሞ አንደኛችን ትኩሳት ያዘው። ሁለተኛው አረንጓዴ መስቀል ወዳለበት መድኃኒት ቤት ሄዶ መድኃኒት ገዛ፥ ሾርባም አበሰለ፥ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ዋለ። በማግሥቱ ታማሚው፥ «ሂድና የእኔንም ድርሻ አይተህ ና» ብሎ አሰናበተው። እርሱም በ2019 ተቃጥሎ በ2024 መጨረሻ የተከፈተውን የኖትር ዳም ካቴድራል አይቶ፥ የታደሰውን የድንጋይ ጣራ ንጣት እስኪጨልም ሲተርክለት አመሸ። ላልታመመው ይህ የቀረ ቀን፥ ለታመመው ደግሞ የተገኘ ቀን ነበር። ለክፉ ቀን የምትሆን 112 የምትባል የስልክ ቍጥር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ እንደምታገለግል ግን ወላጆች ቢያውቁ መልካም ነው።

ከፓሪስ በባቡር ተነሥተን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የባሕር በታች መተላለፊያ አልፈን ሎንዶን ገባን። በዚያ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የእንግሊዝ ጦር በ1868፥ በእኛ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም.፥ ከመቅደላ ከወሰደው ንብረት አንዱ የሆነውን የወርቅ ዘውድ አየን። በመንገዳችን ሁሉ አንዱ አንዱን ሲያይ ሁለተኛው ሌላውን ሲያይ ቆይተን፥ በዚህ ስፍራ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር አየን። ከመስተዋቱ ፊት ለመሄድ ያቻኰለ ማንም አልነበረም። እንዲህ ባለ ሰዓት በአገሩ ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው በአጠገቡ ያለው መንገደኛ ብቸኝነት አይሰማውም።

ውድ ተማሪዎች፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ትርጕሙ የገባን ግን በአምስተርዳም አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የጉዞ ጓደኛ ስትመርጡ አሳቡ ከአሳባችሁ የተስማማውን ብቻ አትፈልጉ፤ ሲጣላ ተቀምጦ የሚነጋገረውን፥ ስትታመሙም የሚቀመጠውን ፈልጉ። ለመፈተኛውም አውሮፓ አያስፈልግም፤ ቦርሳችሁን ተሸክማችሁ፥ ገንዘባችሁን በአንድ አኑራችሁ በአገራችን ውስጥ ሦስት ቀን ብትጓዙ ይበቃል። ወላጆችም ልጃችሁ ጉዞ በጠየቃችሁ ጊዜ፥ «ወዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት፥ «ከማን ጋር ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አሳባችሁ ይቀላል ብለን እናምናለን።

እኛን በአንድ ወንበር ላይ ያስቀመጠን ይህ ትምህርት ቤት ነውና ረዥም ዕድሜ እንመኝለታለን።