ጓያ እና የነርቭ ምርምር ገንዘብ

ኦሎምፒያ ላይ ተሰብስበን ስለ ነርቭ ሕመም ምርምር ገንዘብ ስንመክር ከጓያ ልጀምር። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በረሃብ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ይሆናል፤ መርዙም እግርን የሚያዝዙ የነርቭ ሴሎችን ይጎዳል። ሽባነቱ አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያጠኑት ይህንኑ ነው። ሕመሙ የድሃ ገበሬ ነውና የመድኃኒት ኩባንያ ትርፍ አያይበትም።

ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ግን በድርቅ ዓመት ይህን እንዴት ታድርገው? ጥያቄው ውድ መሣሪያ አይሻም፤ የመስክ አበልና የማይቋረጥ በጀት እንጂ። እህሉ ለግብርና፣ ሕመምተኛው ለጤና ብቻ ሲተው ግን ባለቤት ያጣል። ስለዚህ የነርቭ ሐኪሞችና የሰብል ተመራማሪዎች በአንድ የበጀት ጥያቄ ላይ አብረው እንዲፈርሙ እጠይቃለሁ።