ካሜራና ሚዛን
ስለ ኮሌጅ ሴቶች ሶፍትቦል ውድድር ሥርጭት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የቴሌቪዥን ሥርጭት የተደረገውን ነገር ለሕዝብ ከማድረስ ያለፈ ሚና እንደሌለው አድርጎ መቍጠር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች የሶፍትቦል ሻምፒዮና ታሪክ ሲመረመር፣ ይህ አስተያየት ጐደሎ ሆኖ ይገኛል።

ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እኅት ነው፤ ሜዳው ግን ጠባብ፣ ጨዋታውም ፈጣን ነው። ኳስ ወርዋሪዋ ከመቺዋ 13.1 ሜትር ርቃ ቆማ፣ ክንዷን እንደ ነፋስ ወፍጮ አዙራ ትለቃለች። ኳሷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስትበር ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ትደርሳለች። በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ እንኳ ጉዞዋን በሙሉ ከ30 በማይበልጡ ሥዕሎች ይይዘዋል። የመጀመሪያው ማረፊያ የሚገኘው በ18.3 ሜትር ርቀት በመሆኑ፣ ፈጣን ሯጭ በሦስት ሴኮንድ ገደማ ትደርስበታለች። እንግዲህ ካሜራ ሲያንስና የዝግታ ምስል ሲጠፋ፣ የጨዋታው ጥበብ ከተመልካቹ ዓይን ያመልጣል። ድህነቱ የሥርጭቱ ሆኖ ሳለ፣ ተመልካቹ የጨዋታው ይመስለዋል።

በመንግሥት ገንዘብ በሚረዱ ትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው የኮሌጆች ስፖርት ድርጅት የሴቶቹን ሻምፒዮና በ1982 በኦማሃ ጀመረ፤ በ1990 ውድድሩ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተዛወረ። በ2021 ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. ያሠራጨው የስምንቱ ቡድኖች ውድድር በአማካይ 1.2 ሚሊዮን ተመልካች ሲያገኝ፣ የወንዶቹ የቤዝቦል ውድድር 755 ሺህ ገደማ አገኘ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ በውጭ ባለሙያዎች ያስጠናው ጥናት፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ እንክብካቤ ይደረግላቸው እንደ ነበር አረጋገጠ። በ2024 የተፈረመው የ8 ዓመት ውል ደግሞ 40 ሻምፒዮናዎችን በ920 ሚሊዮን ዶላር በአንድነት የያዘ ነው። በ2025 ቴክሳስ ቴክሳስ ቴክን ረትቶ ዋንጫውን የወሰደበትን የመጨረሻ ግጥሚያ በአማካይ 2.4 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው።

ለዚህ ዕድገት የተጫዋቾቹ ችሎታና የኮሌጆቹ ጥረት ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ነገር ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም። «ተመልካች የለውም» ተብሎ ካሜራ የተነፈገ ውድድር ተመልካች ቢያጣ፣ ውጤቱ የነፈገውን ውሳኔ እንጂ የውድድሩን ዋጋ አይመሰክርም።

መለኪያው በሚለካው ነገር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ካሜራ የሚመድብ፣ ሰዓትና ጣቢያ የሚወስን ባለሙያ፣ የሕዝብን ፍላጎት ከመለካቱ በፊት በቂ ምስል መስጠቱን ያረጋግጥ።