ሁለቱም ወገን አሸነፍን ያሉበት ምርጫ



«የቺሌ ፍልሚያ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አብረን አይተን ስንወጣ ያጨበጨቡም ያጉረመረሙም ነበሩ። ያጉረመረሙት «ይህ ስብከት ነው» አሉ። እውነት ነው፣ ሠሪው ፓትሪሲዮ ጉስማን የፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አዬንዴ ደጋፊ ነው፤ አይደብቅምም። ነገር ግን ተቃዋሚዎቹን ቀርቦ አናግሯቸዋል፤ እነርሱም የልባቸውን ተናግረዋል። ስብከት እንዲህ አይሠራም።

አዬንዴ በ1970 (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) የተመረጡት ከመቶ 36 ገደማ ድምፅ አግኝተው ነው። ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች የበለጡት እርሳቸው ስለ ነበሩ ፓርላማው አጸደቀላቸው። እንግዲህ ሥልጣኑ የእርሳቸው፣ ፓርላማው የተቃዋሚዎቻቸው ሆነ። በ1971 የመዳቡን ማዕድን የመንግሥት ለማድረግ ፓርላማው በሙሉ ድምፅ ተስማምቶ ነበር፤ በፋብሪካውና በመሬቱ ግን ጠቡ ከረረ። የአሜሪካ መንግሥትም ለተቃዋሚዎቹ በስውር ገንዘብ ይረዳ ነበር።

በመጋቢት 1973 የፓርላማ ምርጫ ተደረገ። ፊልሙ ከሁሉ የሚበልጥብን እዚህ ላይ ነው። ተቃዋሚዎቹ ፕሬዚዳንቱን በሕግ ለማውረድ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ይፈልጉ ነበር፤ ያገኙት ከመቶ 55 ገደማ ነው። የመንግሥቱ ወገን 44 ገደማ አገኘ። አንደኛው «ብልጫው የእኛ ነው» አለ፤ ሌላው «ከ1970 ይልቅ ጨምረናል፣ ልታወርዱንም አልቻላችሁም» አለ። የሁለቱም ስሌት ልክ ነው! መንገድ ላይ ሁለቱም ጨፈሩ።

ከመካከላችን አንዱ «ምርጫ ካልዳኛቸው ምን ሊዳኛቸው ነው?» ሲል ጠየቀ። በቀድሞ ጊዜ ሙግት የሚቆም ሰው እንኳ ብረታም ብረታምም እገባለሁ ብሎ ዋስ ይጠራ ነበር። በቺሌ ግን ዋስ የጠራ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ በፊልሙ የምንሰማው ክርክር ሳይሆን ቀጠሮ ነው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን እኩል አካፍለን አናልፍም። በሰኔ 29 ቀን 1973 ታንክ ይዘው የወጡት ወታደሮች ናቸው፤ የአርጀንቲናው ካሜራ አንሺ ሌዎናርዶ ሄንሪክሰን ተኳሾቹን እያነሣ የተገደለው በዚያ ቀን ነው። በመስከረም 11 ቀን ቤተ መንግሥቱን በአውሮፕላን የደበደበውም ጦሩ ነው፤ እስከ 1990 ድረስም ገዛ።

የጉስማን ካሜራ አንሺ ሆርሄ ሙለር ነበር። ያየናቸው ፊቶች፣ የተቃዋሚዎቹም ጭምር፣ በእርሱ ካሜራ የተነሡ ናቸው። በኅዳር 1974 የምሥጢር ፖሊስ ያዘው፤ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም።