ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ የቀረው ንጉሥ

(የቼዝ ክበብ አባላት በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያደረጉት ንግግር)



ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ቼዝ የምትሉት ጨዋታ የጥናት ጊዜያችሁን ከመሻማት በቀር ምን ይጠቅማችኋል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በቃል ከመከራከር ይልቅ አንድ የታወቀ የቼዝ ዕንቆቅልሽ በፊታችሁ ልንፈታ ወደናል።

ይህን ዕንቆቅልሽ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ያወጣው ሪቻርድ ሬቲ የተባለ የቼኮዝሎቫኪያ ተጫዋች ነው። እርሱም በ1924 በኒውዮርክ ውድድር የዓለሙን ሻምፒዮን ካፓብላንካን ያሸነፈ ሰው ነው።

የገበታውን ዐምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ፥ ቀ ብለን፥ መደዳዎቹንም ከነጭ በኩል ጀምረን ከ1 እስከ 8 እንቍጠር። የነጭ ንጉሥ በቀ8፥ ወታደሩ በሐ6 ናቸው። የጥቁር ንጉሥ በሀ6፥ ወታደሩ በቀ5 ናቸው። ነጩ ወታደር ወደ 8፥ ጥቁሩ ወደ 1 ይጓዛል፤ የደረሰውም ንግሥት ይሆናል። ተራው የነጭ ነው፤ የሚፈለግበትም እኩል መውጣት ብቻ ነው።

ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ነጭ ያለቀለት ይመስላል። ንጉሡ ጥቁሩን ወታደር እንዳይደርስበት ሁለት ርምጃ ቀርቶታል፤ የራሱም ወታደር በጥቁር ንጉሥ አጠገብ ነው። በቀጥታ ቢያሳድድ አይደርስም። እንግዲህ ምን ያድርግ?

ንጉሡ በሰያፍ ወደ ሰ7 ይሄዳል፤ ጥቁር ወታደሩን ወደ ቀ4 ይገፋል። ነጭ ወደ ረ6 ይቀጥላል። አሁን ጥቁር ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛ፥ ወታደሩን ወደ ቀ3 ቢገፋ፥ የነጭ ንጉሥ ወደ ሠ7 ሄዶ የራሱን ወታደር ይረዳል፤ ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ፤ እኩል ይሆናሉ።

ሁለተኛ፥ ንጉሡን ወደ ለ6 ቢያመጣ፥ ነጭ ወደ ሠ5 ይወርዳል። ጥቁር በሐ6 ያለውን ወታደር ቢበላ፥ ነጭ በረ4 በኩል ደርሶ ጥቁሩን ወታደር ይይዘዋል። ባይበላና ወታደሩን ቢገፋ፥ ነጭ ወደ መ6 ሄዶ ወታደሩን ያሳልፋል። በዚህም እኩል ነው።

ምሥጢሩ በስሌት ይገኛል። በመሬት ላይ ቀጥታው መንገድ ያጥራል፤ በቼዝ ገበታ ግን ንጉሡ ከቀ8 እስከ ቀ2 በቀጥታ ቢሄድ 6 ርምጃ፥ በሠ5 በኩል ዞሮ ቢሄድም ያው 6 ርምጃ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይከስር ወደ ሁለት ግብ በአንድ ጊዜ ይቀርባል። ጥቁርም አንዱን ሲከለክል ሌላውን ይለቃል።

ልብ በሉ፤ መፍትሔው የተገኘው ጥቁር እንዲሳሳት በመመኘት አይደለም። የሚችለውን መልስ ሁሉ አንድ በአንድ በመመርመር ነው። ስለዚህ በክበባችን «የባላጋራውን መልሶች ሳይጽፍ ማንም እጁን አይስጥ» የሚል ደንብ አውጥተናል። ይህን ልማድ ከገበታው አንሥተን ወደ ሒሳብ ደብተራችን ብንወስደው፥ ወላጆቻችን የጠየቁን ጊዜ በከንቱ አልባከነም እንላለን።