ውኃ አትከልክሉት
(በካምፑ ትምህርት ቤት በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን የቦኖውን ሰልፍ ትታችሁ፣ በዚህ ፀሐይ ስለመጣችሁ በመምህራኑ ስም እናመሰግናለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ተቅማጥና ትውከት ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት አንድ ተማሪያችን ክፍል ውስጥ አስመለሰው። «ሆድህ እስኪረጋ ውኃ አትጠጣ» ብለን ወደ ቤቱ ሰደድነው። እናቱም «የመምህር ቃል ነው» ብላ ከለከለችው። ማታ በጋሪ ተገፍቶ ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ምላሱ ደርቋል፣ እናቱን አያውቃትም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፏል። እኛ ግን ያን ምሽት አንረሳውም።

ብዙዎቻችን «ያጠጡት ሁሉ ይወጣል፤ መከልከል ይሻላል» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። በተቅማጥ የታመመውን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው አለመተካቱ ነው። የሚያፈስ ጀሪካን መሙላት ከተወ ባዶ ይሆናል፤ ሕፃን ደግሞ ትንሽ ጀሪካን ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

በሽታውን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። በተበከለ ውኃ፣ በዝንብ፣ ባልታጠበ እጅና ባደረ ምግብ ይገባሉ። ሰው በተጨናነቀበት ካምፕ ደግሞ ይበረታሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በጎማ የሩዋንዳ ስደተኞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአሥር ሺዎች ያለቁት በአብዛኛው በኮሌራና በደም ተቅማጥ ነበር።

መድኃኒቱም የተፈተነው በስደተኛ ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ሸሽተው ሕንድ በገቡት ሰዎች መካከል ኮሌራ ገባ። ባንጋዎን በሚባለው ስፍራ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውኃ አስበጥብጠው ለቤተሰብ ሰጡ፤ እናቶችና ወንድሞች በኩባያ አጠጡ። ከመቶ ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ያዳኑት እንደ እኛ ያሉ ስደተኞች ናቸው።

በአገራችን «ለምለም» ስንለው የነበረው ኦ.አር.ኤስ. ይኸው ነው። ከክሊኒክ ሲሰጣችሁ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን አስነብቡ። ፓኬት ከጠፋ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ያልተቆለለ 6 ስኳርና ግማሽ ጨው በጥብጡ። ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ድፉት። ከ24 ሰዓት በላይ አታሳድሩት።

ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆዩና በየ2 ወይም በየ3 ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አታቋርጡ፤ ምግብም አትከልክሉ። ክሊኒክ የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን፣ ተቅማጡ ቢቆምም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ጨርሱ። ከገበያ በፍሬ የሚሸጥ ካፕሱል ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ደም ከታየ ወይም ተቅማጡ የሩዝ እጣቢ ከመሰለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ በመንገድም እያጠጣችሁ።

አንድ ነገር እንለምናችኋለን። «ግግ ነው» ብላችሁ የሕፃን ድድ አታስበጡ፣ እንጥሉንም አታስቆርጡ። ተቅማጥን አያቆምም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ በሽታም ያስገባል።

ከመጸዳጃ ስትመለሱና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የውኃ ጀሪካን ክደኑ።

እኛ መምህራን ያን ቀን ያስተማርነውን ዛሬ ሰርዘናል። እናንተም ለጎረቤት ንገሩ። የታመመን ልጅ ውኃ አትከልክሉት።